ፍትወትና ናፍቆት፤ መድኀኒት የሰውን ምኞት ይለውጣልን?

የጥንት ሊቃውንት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋና ከሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ የተፈጠረ መሆኑን ያስተምሩ ነበር። ሥጋው ከነፋስ፥ ከእሳት፥ ከውሃና ከመሬት ስለ ሆነ አንዱ ባሕርይ ሲያይል ሌላው ይደክማል፤ ነፍሱ ግን ልባዊት፥ ነባቢት፥ ሕያዊት ስለ ሆነች በሥጋው ውስጥ ሁና ታስባለች፥ ትናገራለች፥ ትኖራለች። ስለዚህ በሥጋ ውስጥ ያለ ነገር የሰውን ፈቃድ ሊያነሣሣ ወይም ሊያበርድ ይችላል ሲባል ለተማረ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። አዲሱ ነገር፥ የኋላ ዘመን ሐኪሞች ያንን ነገር ከደም ለይተው፥ መዝነው፥ በብልቃጥ ሞልተው ለሰው መስጠት መቻላቸው ነው። ነገሩ በብልቃጥ ከገባ ወዲህም አንድ አሮጌ ጥያቄ እንደ ገና ተነሣ፤ ይኸውም፥ ምኞት በመድኀኒት የሚነሣና በመድኀኒት የሚበርድ ከሆነ ምኞቱ የማን ነው? የሰውዬው ነውን ወይስ የደሙ? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ተገልጦ የሚታይበት አንድ ጕዳይ አለ። በየአገሩና በየዘመኑ የሴት ልብስ መልበስን አጥብቀው የሚመኙ ወንዶች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ብዙ ሰው ስለ እነዚህ ሲሰማ ወይ ይሥቃል ወይ ይቈጣል፤ ቆሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ እንዲገለጥ አንድ ሰው በሐሳብ ይታይ። ዕድሜው ከአርባ ዓመት ያለፈ፥ ሚስቱን የሚወድ፥ ልጆቹን የሚያሳድግ፥ በሥራውም የተመሰገነ ሰው ነው። በቤቱ ግን ቍልፉን ለማንም የማይሰጠው አንድ ሣጥን አለው፤ በሣጥኑም ውስጥ የሴት ቀሚስ ተቀምጧል። ከልጅነቱ ጀምሮ ይህ ምኞት አልተለየውም። ብዙ ጊዜ ተጸጽቶ ልብሱን አቃጥሏል፤ ዳግመኛ አልመለስበትም ብሎም ምሏል፤ ዳሩ ግን ጥቂት ወራት ሲያልፉ ሌላ ቀሚስ ገዝቶ ሣጥኑን ይሞላዋል።

ከዕለታት አንድ ቀን ይህ ሰው፥ ለሴት የተሰጠው ቅመም ወይም ከቅጠልና ከሥር የተዘጋጀ መድኀኒት የወንድን ደም እንደሚያበርድ ይሰማል። በዚያን ጊዜ ሁለት ፍርሃት ባንድነት ይይዘዋል። የመጀመሪያው፥ መድኀኒቱ ምኞቴን ሳያጠፋልኝ የቀረ እንደ ሆነ ከእንግዲህ ምን ተስፋ አለኝ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፥ ያጠፋው እንደ ሆነ ዕድሜዬን ሙሉ በምሥጢር የተሸከምሁት ነገር ከደም ሙቀት በቀር ምንም አልነበረምን የሚል ነው። እንግዲህ ይህ ሰው የሚሻው ስለ ቅመሙ ማወቅን ብቻ አይደለም፤ ስለ ራሱ እውነቱን ማወቅን ነው።

አስቀድሞ ቅመሙ ምን እንደ ሆነ መናገር ይገባል። በ1849 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በጌቲንገን ከተማ የነበረ አርኖልድ በርቶልድ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ የወጣት አውራ ዶሮዎችን ጠባይ መረመረ። የተኰላሹት ዶሮዎች መጮኽንና መዋጋትን ተዉ፤ በራሳቸው ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ሳያድግ ቀረ። ዳሩ ግን የዘር ፍሬው ከስፍራው ተነቅሎ በሆድ ዕቃቸው ውስጥ በተተከለ ጊዜ እንደ ማናቸውም አውራ ዶሮ ጮኹ፥ ተዋጉም። በርቶልድም ይህ ኀይል በጅማት ሳይሆን በደም በኩል የሚተላለፍ መሆኑን አስተዋለ። በ1905 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ በደም ውስጥ እየዞረ መልእክት የሚያደርሰውን እንዲህ ያለውን ቅመም ሆርሞን ብሎ ሰየመው፤ ቃሉ ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን ማነሣሣትን ያመለክታል። ከዚህ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ጀርመናዊው አዶልፍ ቡቴናንትና አሜሪካዊው ኤድዋርድ ዶይዚ፥ አንዱ ከሌላው ሳይመክር፥ ኤስትሮጅን ከሚባሉት የሴት ሆርሞኖች አንዱን አጥርተው አወጡ፤ በ1935 ዓ.ም. ደግሞ ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን ተለይቶ ታወቀ። ሊታወቅ የሚገባው፥ ሁለቱም ቅመሞች በወንድም በሴትም ደም ውስጥ መኖራቸው ነው፤ ልዩነቱ የመጠን ነው እንጂ የመኖርና ያለመኖር አይደለም።

ይህ ሁሉ በታወቀ ጊዜ ብዙዎች የምኞት ምሥጢር ተገለጠ ብለው ደስ አላቸው። የሴት ልብስ የሚመኝ ወይም ወንድን የሚወድ ወንድ የወንድነት ቅመም ጎድሎበት ይሆናል፤ የጎደለውን ብንሞላለት ይድናል የሚል ሐሳብ በሐኪሞች ዘንድ ተነሣ። በ1940ዎቹም ዓመቶች ወንድን ለሚወዱ ወንዶች ቴስቶስቴሮን እየሰጡ ሞከሩ። ውጤቱ ግን ያልጠበቁት ሆነ፤ የሰዎቹ የሥጋ ሙቀት ጨመረ፥ የሚመኙት ነገር ግን ያው የቀድሞው ሁኖ ቀረ። ውሃው በዛ እንጂ ቦዩ አልተለወጠም። ከዚህም የተነሣ፥ የቅመሙ ብዛት የምኞትን ብርታት ሊጨምር ቢችልም የምኞትን መንገድ እንደማይመርጥ ታወቀ።

ነገሩ በተገላቢጦሹም ተፈትኗል። በ1941 ዓ.ም. በቺካጎ የነበሩት ቻርልስ ሀጊንስና ባልደረባው፥ ፕሮስቴት በተባለው የወንዶች ዕጢ ላይ የሚወጣው ነቀርሳ ቴስቶስቴሮን ሲቀንስበት እንደሚደክም ገለጡ፤ ለዚህም ሥራ ሀጊንስ በ1966 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ እጅግ ብዙ ሽማግሌዎች ለነቀርሳቸው የሴት ሆርሞን ጠባይ ያለው መድኀኒት ወስደዋል። የብዙዎቹ ፍትወት በረደ፤ የብዙዎቹም ጡት አበጠ። ዳሩ ግን ከእነዚህ ሽማግሌዎች መካከል ቀድሞ ያልነበረበት ሰው በመድኀኒቱ ምክንያት የሴት ቀሚስ ይመኝ ጀመር ተብሎ የታወቀ ነገር የለም። እንግዲህ የሴት ሆርሞን በወንድ ሥጋ ውስጥ የሴት ልብስ ምኞትን አይዘራም። ያልተዘራውን የማያበቅል ከሆነ፥ የበቀለውን ይነቅለዋልን የሚለው ጥያቄ ይቀራል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሹ ሰዎች ከታሪክ አንድ አሳዛኝ ምስክር ያገኛሉ። አለን ቱሪንግ በ1912 ዓ.ም. የተወለደ እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብሌችሊ ፓርክ በተባለው ስፍራ የጀርመኖችን የምሥጢር ጽሕፈት ከፈቱት ሊቃውንት ዋነኛው ነው። በ1952 ዓ.ም. ቤቱን ሌባ ስለ ሰበረው ለፖሊስ ሊያመለክት ሄደ፤ በምርመራውም ከወንድ ጋር ግንኙነት እንደ ነበረው ስለ ታወቀ፥ በዚያን ጊዜ በነበረው የእንግሊዝ ሕግ ተከሰሰ። ከወኅኒና የሴት ሆርሞን ከመውሰድ አንዱን እንዲመርጥ በቀረበለት ጊዜ ሆርሞኑን መረጠ፤ አንድ ዓመት ያህልም ወሰደ። ጡቱ አደገ፥ የሥጋ ኀይሉም ደከመ። በሰኔ ወር 1954 ዓ.ም. በመርዝ ሙቶ ተገኘ፤ የመረመረው ዳኛም ራሱን ገደለ ብሎ ፈረደ። በ2009 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ተደረገበት ነገር በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቀ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከንግሥቲቱ ምሕረት ተሰጠው።

የቱሪንግ ነገር ከልብስ ጋር የተያያዘ አልነበረም፤ ሆኖም ለዚህ ጕዳይ ሁለት ትምህርት ይሰጣል። አንደኛው፥ ያ ቅመም በሥጋው ላይ ብዙ ለውጥ ቢያመጣም ሴት አላደረገውም፤ ሴት መሆንንም እንዲመኝ አላደረገውም። ሁለተኛው፥ ያ ፍርድ ቤት ሰውን በደሙ በኩል ለማቅናት ያሰበው፥ ሰው ማለት ደሙ ነው ብሎ ስላመነ ነው። ይህ እምነት ሐሰት መሆኑ የታወቀው ሰውየው ከተጐዳ በኋላ ነበር።

ያው ቅመም በሌላ እጅ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1910 ዓ.ም. በበርሊን የነበረው ሐኪም ማግኑስ ሂርሽፌልድ የሌላውን ጾታ ልብስ ስለሚለብሱ ሰዎች አንድ ሰፊ መጽሐፍ አወጣ፤ በዚያም ልብስ መመኘትና የራስን ጾታ መውደድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አስረዳ። በ1919 ዓ.ም. የከፈተው የምርመራ ቤት በግንቦት 1933 ዓ.ም. በናዚ ተማሪዎች ተዘረፈ፥ መጻሕፍቱም በአደባባይ ተቃጠሉ። ዕውቀቱ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በዚያው ከተማ በ1885 ዓ.ም. ተወልዶ ወደ አሜሪካ የሄደው ሐኪም ሃሪ ቤንጃሚን፥ እንደ ቱሪንግ በዳኛ ታዘው ሳይሆን ራሳቸው ወደ እርሱ የመጡ ሰዎችን ብዙ ዓመት መረመረ፤ በ1966 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍም እነዚህን ሰዎች ባለ ስድስት ደረጃ መሰላል አድርጎ ከፈላቸው።

በመሰላሉ ታች ያሉት፥ ልብሱ ለጊዜያዊ ደስታና ለሥጋ ሙቀት የሚያገለግላቸው ናቸው፤ እነዚህ መድኀኒቱን እምብዛም አይሹትም፥ አልፎ አልፎ ግን ሙቀታቸውን ለማብረድ ይጠቅማል አለ። በመካከል ያሉት መድኀኒቱን ለሙከራ ያህል ይወዱታል፥ መንፈሳቸውንም ሊያረጋጋላቸው ይችላል። ወደ ላይ የወጡት ግን ያለ እርሱ ዕረፍት አያገኙም፤ ልብሱም ለእነርሱ ጨዋታ ወይም ሙቀት ሳይሆን፥ በውስጥ የሚያውቁትን በውጭ ማሳየት ነው። ቤንጃሚን በዚህ መሰላል ያደረገው አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም በአንድ ስም የሚጠራው ምኞት አንድ ነገር እንዳልሆነ ማሳየቱ ነው።

አማርኛ ለዚህ ልዩነት ጥሩ ቃላት አሉት። ፍትወት አለ፥ ናፍቆትም አለ። ፍትወት የሥጋ ነው፤ ይነሣል፥ ይነድዳል፥ ከተፈጸመ በኋላ ይበርዳል፥ ብዙ ጊዜም ጸጸትን ጥሎ ይሄዳል፥ ኋላም ተመልሶ ይመጣል። ናፍቆት ግን እንዲህ አይደለም። አገሩን የናፈቀ ሰው ጠግቦም ተርቦም፥ ወጣትም ሁኖ አርጅቶም ይናፍቃል፤ ከአገሩ የመጣ ደብዳቤ ቢያነብ ናፍቆቱ ይጨምራል እንጂ አይበርድም፤ ዕረፍት የሚያገኘው ከአገሩ ሲገባ ብቻ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፤ ሣጥኑ አንድ ነው፥ ቀሚሱም አንድ ነው። ባለቤቱም ራሱ፥ ሁለቱ አብረው ስላደጉበት፥ ብዙ ጊዜ መለየት ያቅተዋል። መድኀኒቱ እንደ ወንፊት የሚሆነው በዚህ ስፍራ ነው።

የሚሆነውም እንዲህ ነው። በሐኪም እጅ ኤስትሮጅንና ቴስቶስቴሮንን የሚገታ መድኀኒት ባንድነት ሲሰጡ፥ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ፍትወተ ሥጋ መብረድ ይጀምራል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜም ጡት ማደግ ይጀምራል። የልብሱ ምኞት በዚያን ጊዜ የሚያገኘው ዕጣ ግን ለሁሉ አንድ አይደለም፤ ሐኪሞችና መድኀኒቱን የወሰዱ ሰዎች የሚናገሩት በሦስት ይከፈላል። ልብሱ ከሥጋ ሙቀት ጋር ተጣብቆ የኖረበት ሰው ሙቀቱ ሲበርድ ምኞቱም አብሮ ይደክምበታል፤ አንዳንዱ በዚህ ዕረፍት ያገኛል፥ አንዳንዱም የሚወደው ደስታ ስለ ተወሰደበት መድኀኒቱን ይተዋል፤ ሲተወውም ምኞቱ ይመለሳል። ሁለተኛው ሰው ሙቀቱ ሄዶ ናፍቆቱ ብቻውን ሲቀርበት ያያል፤ ጭሱ ከቤቱ ሲወጣ ዕቃው እንደሚታይ፥ ቀድሞ ያልለየውን ነገር ይለያል። ሦስተኛው ሰው የሚያየው ከሁሉ ይልቅ ያስደንቃል፤ ሴት ሁኖ መኖር ከጀመረ በኋላ ልብሱን መመኘት ፈጽሞ ይተዋል። የተወበትም ምክንያት ልብሱን ስለ ጠላው አይደለም፤ ልብሱ ልብስ ስለ ሆነለት ነው። ከአገሩ የገባ ሰው አገሩን እንደማይናፍቅ፥ በየማለዳው ቀሚስ የሚለብስ ሰውም ቀሚስ አይናፍቅም።

እንግዲህ መድኀኒቱ የልብሱን ምኞት ያጠፋልን ለሚል ጠያቂ አንድ ቃል የሚበቃ መልስ የለም። ምኞቱ ቢጠፋ ከሁለት ምክንያት በአንዱ ሊሆን ይችላልና፤ ወይ ፍትወት ስለ ሞተ፥ ወይ ናፍቆት ስለ ደረሰ።

ስለ ቅጠልና ስለ ሥር የሚነገረው ግን ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። ዕፅዋት በእንስሳ ዘር ላይ ኀይል እንዳላቸው የተረጋገጠ ነገር ነው። በ1940ዎቹ ዓመቶች በምዕራብ አውስትራልያ፥ ከማገጥ ወገን የሆነ ክሎቨር የተባለ ሣር የጋጡ እንስት በጎች መካን ሆኑ፤ የተኰላሹ በጎች እንኳ ወተት አጋቱ። ሲመረመርም በሣሩ ውስጥ ኤስትሮጅንን የሚመስል ቅመም ተገኘ። እንዲህ ያለው ቅመም በአኩሪ አተርም ይገኛል፤ ፈረንጆች በቢራቸው ውስጥ በጌሾ ፋንታ በሚጨምሩት ሆፕ በተባለው ተክልም ይገኛል፤ ክዋኦ ክሩዋ በሚባለው የታይላንድ ሥር ደግሞ በርትቶ ይገኛል። ዳሩ ግን በጎቹ ሌላ መኖ ሳይኖራቸው ወራት ሙሉ የጋጡት ሣርና ሰው በማንኪያ የሚወስደው ዱቄት እኩል አይደሉም። አኩሪ አተር የሚበሉ ወንዶች በተመረመሩ ጊዜ ቴስቶስቴሮናቸው ቀንሶ አልተገኘም። በኢትዮጵያ ከየቤቱ የማይጠፋው አብሽም በሌላ አገር ጡት ያሳድጋል ተብሎ በእንክብል ይሸጣል፤ የወንድን ሥጋ ወደ ሴት ይለውጣል የሚለው ወሬ ግን በምርመራ የጸና አይደለም። ሊኮሪስ የተባለው ጣፋጭ ሥር ቴስቶስቴሮንን በጥቂቱ እንደሚቀንስ ተጽፏል፤ ነገር ግን ሲበዛ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፥ በደም ያለውን ፖታስየም ያጐድላል፥ በዚህም ልብን ይጐዳል።

እንዲህ ከሆነ ዕፅ የጠጡ ሰዎች ምኞታችን በረደ ወይም ጨመረ ብለው የሚመሰክሩት ስለ ምንድር ነው? ሐሰት ተናገሩ ማለት አይገባም። ሰው ተስፋ ያደረገበትን ነገር ሲጠጣ ተስፋው ራሱ ይሠራል፤ የተጨነቀ ልብ ምንም ባይለወጥ እንኳ መንገድ ጀመርሁ ሲል ይረጋጋል። ከዚህም የጠለቀ ሌላ ነገር አለ። በማለዳ ተነሥቶ ማንም ሳያየው ያንን ጽዋ የሚጠጣ ሰው፥ ማንም የማያየውን ልብስ እየለበሰ ነው። ቀሚሱን በሥጋው ላይ እንዳይለብስ ፈርቶ በሥጋው ውስጥ ለበሰው። ስለዚህ ጽዋው የሣጥኑን ምኞት ቢያበርድለት አያስደንቅም፤ ሣጥኑ ወደ ሆዱ ገብቷልና። ለዚህ ሰው ጽዋው ፈውስ መስሎ ይታየዋል፤ በእውነቱ ግን ያው ምሥጢር ስፍራ ለውጦ ነው። የሚያሳዝነውም፥ ምሥጢሩን ለመጠበቅ ሲል ከሐኪም ተሰውሮ ብርቱውን ሆርሞን ራሱ ገዝቶ የሚወስድ ሰው መኖሩ ነው፤ ኤስትሮጅን ያለ ምርመራ ሲወሰድ ደምን በሥር ውስጥ ሊያረጋና ሞትን ሊያመጣ ይችላል፥ የመውለድንም ኀይል ሊያጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ መመለስ ይገባል። መድኀኒት ያበረደው ምኞት ቀድሞውንም የእኔ አልነበረም ማለት ይቻላልን? አይቻልም። ጾም ቍጣን ያበርዳል፥ እንቅልፍ ኀዘንን ያቀልላል፥ ወይን ጠጅ ፍርሃትን ያርቃል፤ ሰው ግን በጾም ስለ በረደ ቍጣዬ የሆዴ ነበረ እንጂ የእኔ አልነበረም ብሎ ከኀላፊነት አያመልጥም። ሥጋው የእርሱ ነውና በሥጋው የተነሣውም የእርሱ ነው። ሰውን ከደሙ ለይቶ እውነተኛው አንተ ሌላ ነህ የሚል ሰው ለነፍስ ያከበረ ይመስለዋል እንጂ ሰውን ከሁለት ሰንጥቆታል።

ከመድኀኒቱ በኋላ የቀረው ናፍቆትስ፥ ከእሳት ተርፎ ስለ ተገኘ እውነተኛና ትክክለኛ ነውን? ይህም ቸኩሎ የሚመለስ አይደለም። ወንፊት እህሉን ከገለባው ይለያል፤ እህሉ ለዘር ይሁን ወይስ ለእንጀራ ግን ወንፊቱ አይናገርም። የናፍቆት መጽናት ስለ ናፍቆቱ ጥልቀት ይመሰክራል፤ ከሚስቱ፥ ከልጆቹና ከገባው ቃል ጋር እንዴት እንደሚኖር ግን መወሰን ያለበት ሰውየው ነው። በዚህ ስፍራ የሆርሞን ዕውቀት ያበቃና የኅሊና ሥራ ይጀምራል።

በዚህ ጊዜ ሕግ አዋቂው፥ የሙሴ ሕግ ወንድ የሴትን፥ ሴትም የወንድን ልብስ እንዳይለብሱ በዘዳግም መጽሐፍ ከልክሎ የለምን ይላል። ከልክሏል። ሆኖም ልብስን ከምክንያቱ ለይቶ መመዘን ቀላል እንዳልሆነ ስንክሳር ራሱ ያስረዳል። ቅድስት እንባ መሪና ከአባቷ ጋር በወንድ ልብስ ገዳም ገብታ እንደ መነኵሴ ኖረች፤ የሌላ ሰው ልጅ ፅንስ በእርሷ ላይ በተመካኘ ጊዜም ሴትነቷን ገልጣ ራሷን ከማዳን ይልቅ ነቀፌታውን ተሸከመች፤ ሴት መሆኗም የታወቀው ከሞተች በኋላ ነው። የእርሷ ነገርና የዚያ ባለ ሣጥን ነገር አንድ ነው ለማለት አይደለም፤ ልብስ ብቻውን የልብን ነገር እንደማይናገር ለማሳየት ነው። እንዲሁም በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምእት በመጀመሪያው ቀኖናቸው ስለ ተኰላሹ ሰዎች ሲፈርዱ ሥጋውን ብቻ አይተው አልፈረዱም፤ በበሽታ ምክንያት በሐኪም የተቈረጠውን ወይም በአረመኔ እጅ የተጐዳውን ከክህነት አልከለከሉትም፥ ጤነኛ ሳለ በገዛ እጁ ያደረገውን ግን ከለከሉ። ሥጋቸው አንድ ዓይነት ሲሆን ፍርዳቸው የተለያየው የማን ፈቃድ ነበረ? ምክንያቱስ ምን ነበረ? ብለው ስለ ጠየቁ ነው። ከዚህ ቀኖና ተነሥቶ ዛሬ መድኀኒት ስለሚወስደው ሰው የተለያየ ፍርድ የሚሰጡ ይኖራሉ፤ ሳይጠይቅ የሚፈርድ ግን የአባቶችን ልማድ አልያዘም።

ዛሬ ሐኪሞች በዚህ ጕዳይ የሚናገሩት ከ1952 ዓ.ም. ሐኪሞች ንግግር ብዙ የራቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ዓ.ም. በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የሌላውን ጾታ ልብስ መልበስን ብቻውን ከበሽታ ቍጥር አውጥቶታል፤ ጾታዬና ሥጋዬ አልተስማሙም የሚል ሰውንም ከአእምሮ በሽተኞች ምዕራፍ አውጥቶ በሌላ ምዕራፍ አኑሮታል። ይህ የሐኪሞች ቃል ነው እንጂ የሥነ ምግባርን ጥያቄ ሁሉ የሚዘጋ አይደለም። አንድ ነገር ግን በግልጥ አስተምሯል፤ በአንድ ሰው ላይ በግድ የተደረገው ያው ቅመም ሲያዋርደው፥ በሌላው ፈቃድና በሐኪም ጥበቃ ሲሰጥ አረጋግቶታል። እንግዲህ መልካሙና ክፉው በብልቃጡ ውስጥ አልነበረም።

ባለ ሣጥኑ ሰው ከሁለቱ ፍርሃቶቹ የሚድነው እንዲህ ነው። መድኀኒቱ ምኞቱን ቢያበርድለት፥ ዕድሜው በከንቱ አለፈ ማለት አይደለም፤ ከፍትወቱ ጋር የታገለው እርሱ ራሱ ነበርና ትግሉ የእርሱ ነው። ባያበርድለትም ተስፋው ተቈረጠ ማለት አይደለም፤ የተሸከመው ነገር ምን እንደ ሆነ አሁን በስሙ ሊጠራው ይችላል። ከሁለቱም በፊት ግን ከማንኛውም ብልቃጥና ከማንኛውም ጽዋ የሚቀድም አንድ ሥራ አለበት። ልብሱን ማቃጠል ሞክሮታል፥ አልጠቀመውም፤ መሸሸግም ሞክሮታል፥ አላሳረፈውም፤ ያልሞከረው ማመን የሚገባውን ሰው ማመን ነው። ለሐኪም ሕመሙን እንደሚናገር፥ ለሚስቱም ልቡን ይናገር። እርሷ ብታዝን መብቷ ነው፥ ብትቈጣም መብቷ ነው፤ አብራው የምትኖረውን ሰው ማወቅም መብቷ ነው። በቤቱ ውስጥ ቍልፍ ያልተሰጣት እርሷ ብቻ ሁና ስለ ኖረች፥ የዚህን ምኞት ዋጋ ሳታውቀው ስትከፍል ቈይታለችና።

የሚሰሙትም ሰዎች ድርሻ አላቸው። ምሥጢሩ የሚነገረው ቄስ፥ ሐኪም ወይም ወዳጅ፥ ፍትወትን ከናፍቆት ሳይለይ አንተ እንዲህ ነህ ቢለው፥ በ1952 ዓ.ም. ያ ዳኛ የሠራውን ስሕተት በቃል ይሠራዋል። ሰውየው ራሱን ለማወቅ አርባ ዓመት ከወሰደበት፥ ሰሚው በአንድ ሰዓት እንዳይጨርሰው ይጠንቀቅ።